ከጺሜ ሥር ቆዳዬ ይላላጣል፣ ያሳክከኛል፤ ሳልላጭ መዳን እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ካረፉ ዛሬ 36ኛ ቀናቸው ነው። እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ እስከ ሰማንያቸው ድረስ ጺማችንን ላንላጭ ተስማምተናል። ከዚህ በፊት በየሦስት ቀኑ የምላጭ ሰው ስለነበርኩ፣ ጺሜ ይህን ያህል ሲያድግ በ31 ዓመት ዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ችግሩ የጀመረው በሦስተኛው ሳምንት ነው። መጀመሪያ ከአገጬ ሥር ያሳክከኝ ነበር፤ ጸጉሩ እያደገ ስለሆነ ነው ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ ግን ከአፍንጫዬ ግራና ቀኝ ካለው እጥፋት አንሥቶ እስከ ከንፈሬ ዳርና እስከ አገጬ ድረስ፣ ሲነኩት ቅባት ቅባት የሚል፣ ወደ ቢጫ ያደላ ነጭ ቅርፊት ያዘ። ሳክከው ይረግፋል። ጥቁር ለብሼ ስለምውል ደረቴ ላይ ዱቄት የተነሰነሰብኝ እመስላለሁ። ሥራዬ ከደንበኛ ፊት ለፊት ተቀምጦ ማስተናገድ ስለሆነ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ ወደ መታጠቢያ ቤት እየሄድኩ ኮቴን አራግፋለሁ።

አክስቴ «ቆዳህ ደርቆ ነው፣ ቅቤ ቀባው» ብለውኝ ሦስት ሌሊት ለጋ ቅቤ ተቀብቼ አደርኩ። ከዚያ የወይራ ዘይት፣ ከዚያ ደግሞ ቫዝሊን ሞከርኩ፤ ሁሉም ለአንድ ሰዓት ያህል ያለሰልሰዋል፣ በማግስቱ ግን ቅርፊቱ ወፍሮ ይጠብቀኛል። በመጨረሻ አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ ችግሬን ስናገር፣ ሻጩ ፊቴን በቅጡ ሳያየው በቱቦ ያለ ቅባት ሰጠኝ። በሁለተኛው ቀን ማሳከኩ ጠፋ፤ በአራተኛው ቀን ቆዳዬ ጥርት አለ። ስድስት ቀን ተቀብቼ ተውኩት። ካቆምኩ በሦስተኛው ቀን ግን ከበፊቱ በርትቶ ተመለሰ፣ አሁን ደግሞ በከንፈሬ ዙሪያ ጥቃቅን ብጉር መሰል ነገር ጨምሮብኛል።

የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። ይህ የቆዳ ድርቀት ነው ወይስ ሌላ በሽታ? ካልተላጨህ አይድንም የሚሉኝ እውነት ነው? የሁለት ዓመት ልጄ ጉንጩን ከጉንጬ እያሻሸ ስለሚጫወት፣ ወደ እርሱ ይተላለፋል ብዬም እሰጋለሁ።

መልስ፦ ከባሕር ዳር

እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድሜ፤ ነፍሳቸውን ይማር። እኔ የራሴ ፎረፎር ሲያስቸግረኝ ሎሚ ለሁለት ቆርጬ እያሸሁ በማግስቱ እታጠበዋለሁ። ፎረፎሩ ይቀንስልኛል፤ አንተም ሞክረው።

መልስ፦ ከፋርማሲ ባለሙያ

በቅድሚያ እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ የአባትዎን ነፍስ በአጸደ ገነት ያኑርልን። ከላይ ሎሚ የመከሩት ወንድማችን በቅንነት እንደ ጻፉ አልጠራጠርም፤ ሆኖም እባክዎ ሎሚውን ፊትዎ ላይ አያድርጉት። የተቆጣ ቆዳን ይበልጥ ያቆስላል፤ ከዚህም በላይ የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ቃጠሎ የመሰለ ጉዳት ሊደርስበትና ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ሊተውበት ይችላል።

ሳላይዎት በእርግጠኝነት መናገር ባልችልም፣ አገላለጽዎ በሕክምና ስሙ ሴቦሪክ ደርማታይተስ ከሚባለው ችግር ጋር በጣም ይገጥማል። እኛ በተለምዶ ፎረፎር የምንለው የዚሁ ቀላሉ መልክ ነው። ብዙ ሰው ፎረፎር የራስ ቅል ብቻ ይመስለዋል፤ ይሁን እንጂ ቆዳችን ቅባት በብዛት በሚያመነጭበት ሥፍራ ሁሉ፣ ማለትም በቅንድብ፣ በአፍንጫ ግራና ቀኝ፣ ከጆሮ ጀርባ፣ በደረት መካከልና በጺም ሥር ሊወጣ ይችላል። የእርስዎ የጀመረበት ቦታ፣ ቅርፊቱ ቅባት ቅባት ማለቱና ወደ ቢጫ ማድላቱ ወደዚህ ያመለክታል። የደረቀ ቆዳ ቅርፊት ደቃቅና ብናኝ ነው፤ ሲቀባም ይሻለዋል እንጂ እንደ እርስዎ አይብስበትም።

ቅቤውና የወይራ ዘይቱ ያባሱበት ምክንያት አለው። በሁላችንም ቆዳ ላይ ማላሴዚያ የሚባል እርሾ መሰል ፈንገስ ይኖራል፤ ቋቁቻ የምንለውን የቆዳ ችግር የሚያመጣውም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ይህ ፈንገስ የቆዳችንን ቅባት እየሰባበረ ይመገባል፤ ከዚያ የሚተርፈው ኦሌይክ አሲድን የመሰለ ፋቲ አሲድ ደግሞ ቆዳቸው በቀላሉ የሚቆጣባቸውን ሰዎች ያሳክካል፣ የላይኛው የቆዳ ሽፋንም ያለ ጊዜው እየረገፈ ቅርፊት ይሆናል። ቅቤም ሆነ የወይራ ዘይት በዚሁ በፋቲ አሲድ የበለጸጉ ስለሆኑ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቀለብ ሲሰፍሩለት አደሩ ማለት ነው። ቫዝሊን ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ስለሆነ ፈንገሱን አይመግበውም፤ ነገር ግን ቅርፊቱን ከጸጉሩ ጋር አጣብቆ ስለሚይዘው ከሥር ያለው ቆዳ እንዳይጸዳ ያደርጋል።

አክስትዎን ግን አይውቀሷቸው። ቅቤ ለደረቀ ጸጉር የሚሰጠውን ጥቅም አይተው ነው የመከሩዎት።

ከዚህ እንደሚረዱት ችግሩ ያለው በቆዳው እንጂ በጺሙ አይደለም። ጺሙ የሚያደርገው ቅባቱን፣ ላቡንና የሳሙናውን ቅሪት ይዞ ማቆየትና መድኃኒቱ ከቆዳው እንዳይደርስ መከለል ነው። ስለዚህ መላጨት ሕክምናውን ያቀለዋል፤ ነገር ግን ግዴታ አይደለም። መድኃኒቱን እስከ ቆዳው ድረስ ማድረስ ከቻሉ የአባትዎን ሰማንያ ከነጺምዎ ማክበር ይችላሉ።

ከመድኃኒት ቤት ኬቶኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት 2 በመቶ ያለበት ሻምፖ ይጠይቁ። ጺምዎን ለብ ባለ ውኃ በደንብ ካራሱ በኋላ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የሚሆን ሻምፖ በመዳፍዎ አረፋ አድርገው በጣትዎ ጫፍ፣ በጥፍርዎ ሳይሆን፣ ጸጉሩን እየከፈቱ ቆዳው ላይ ያሹት። ከአፍንጫዎ ግራና ቀኝ ያለውን እጥፋት፣ ቅንድብዎንና ራስዎንም አብረው ይጠቡ፤ ፎረፎር አገጭ ላይ ብቻ ታክሞ ራስ ላይ ሲተው ቶሎ ይመለሳልና። ከዚያ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሳይታጠቡ ይቆዩ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እንደ ተራ ሻምፖ ወዲያው አጥቦ ያወርደውና «አልሠራልኝም» ብሎ ይመለሳል። ሰዓትዎን እያዩ ይጠብቁ። ሲጨርሱ አረፋው ጸጉሩ ውስጥ እንዳይቀር በብዙ ውኃ ያለቅልቁ፤ በፎጣም ሳይፈትጉ ተጭነው ያድርቁት። ይህን በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ ቢያንስ ሦስት ቀን እየለቀቁ፣ ለአራት ሳምንት ያድርጉ። ቶሎ ይዳንልኝ ብለው በየቀኑ ቢያደርጉት ቆዳዎን ያደርቀዋል። ኬቶኮናዞል ካጡ ሴሊኒየም ሰልፋይድ ወይም ዚንክ ፓይሪቲዮን ያለበት የፎረፎር ሻምፖም ይሠራል።

በተረፉት ቀናት ፊትዎን በለስላሳ የፊት ማጠቢያና ለብ ባለ ውኃ ብቻ ይታጠቡ። የልብስ ሳሙና ፊት ላይ ፈጽሞ አይውል፤ ፒኤች በሚባለው መለኪያ (ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይጨምራል) የቆዳችን 5 ተኩል አካባቢ ሲሆን የዚህ ሳሙና ግን 9 እና 10 ስለሚደርስ ቆዳን አራቁቶ ይተወዋል። አሁን ኅዳር ነው፤ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ፣ ሌሊቱም ብርድ ስለሆነ ጠዋት በሚያቃጥል ውኃ መታጠብ ያምረናል፤ እርሱንም ይተውት።

ልጅዎን በተመለከተ ያለ ስጋት ያጫውቱት። ፈንገሱ በሁላችንም ቆዳ ላይ ያለ ስለሆነ ይህ ችግር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የንጽሕና ጉድለት ምልክትም አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልለምንዎት። በቱቦ የተሰጠዎትን ቅባት አውጥተው በላዩ የተጻፈውን እዚህ ይጻፉልን፤ ቅባቱ ያሻለበት ፍጥነትና ችግሩ የተመለሰበት ብርታት አሳስቦኛል።

መልስ፦ ከጸጉር አስተካካይ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። 14 ዓመት ወንበር አጠገብ ቆሜ ብዙ ጺም አይቻለሁና ከሙያዬ አንጻር ጥቂት ልጨምር።

የፋርማሲ ባለሙያዋ ያሉት እንዲሠራልህ ጺምህን በመቀስ ወይም በማሽን ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብታስደርገው፣ ሻምፖው ሳይባክን ቆዳህ ላይ ይደርሳል። ማሳጠር መላጨት አይደለም፤ ለሐዘን ጺማቸውን ያሳደጉ ብዙ ሰዎች አንገታቸውን ብቻ አስጠርገው፣ ዳር ዳሩን አስተካክለው ይሄዳሉ። ሆኖም ይህ የአንተና የወንድሞችህ ውሳኔ ነው፤ አልነካውም ካልክ ደግሞ ሻምፖውን ከመቀባትህ በፊት ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከታች ወደ ላይ እያበጠርክ ቅርፊቱን አላቅቀው። በግድ አትቦጭቀው፣ ይደማል።

ማሽኑ የቤትህ ከሆነ ጸጉሩን በብሩሽ አራግፈህ ምላጩን በ70 በመቶ አልኮል ጥረገው። ጸጉር ቤት የምትሄድም ከሆነ ፊትህ ላይ ከመነሣቱ በፊት እንዲጸዳ ጠይቅ፤ ማንም ባለሙያ በዚህ አይቀየምም። የሚቀየም ካለ ወንበሩን ለቅቀህ ውጣ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለ ጭርት ነው። ጭርት ጺም ላይ ሲወጣ ሰዎች ፎረፎር እየመሰላቸው ወራት ያባክናሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛዬ ከገጠር ተመልሶ መጣ፤ ቤተሰቦቹ ዘንድ ጥጃ ሲያስር፣ ሲፈታ ነው የከረመው። በቀኝ መንጋጋው ላይ ብቻ፣ የሳንቲም ያህል ክብ ሆኖ፣ ዳሩ አበጥ ብሎ መግል የቋጠረ ቁስል ነበረው። አንዱን ጸጉር በወረንጦ ነካ ሳደርገው ምንም ሳያመው ከነሥሩ ተነቅሎ መጣ። ማሽኑን አስቀምጬ «ዛሬ አልነካህም፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ» አልኩት። የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ታዞለት ዳነ። የአንተ በሁለቱም በኩል እኩል መሆኑና ጸጉርህ አለመነቃቀሉ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሆኖም መስታወት ፊት ቆመህ ይህን አጣራ፤ ጭርት ከሆነ ወደ ልጅህ ይተላለፋልና።

መልስ፦ ከቨርጂኒያ

ልጄ፣ እግዚአብሔር አባትህን በአብርሃም በይስሐቅ አጠገብ ያኑርልን። እኔ 67 ዓመቴ ነው። ሴት ልጄን የዳርኩ ጊዜ ሽበቴን ለመሸፈን ጺሜን ጥቁር ቀለም ተቀብቼ በማግስቱ አገጬና ከንፈሬ አብጦ፣ ውኃ ቋጥሮ፣ ከዚያም ተላልጦ ነበር። ሐኪሙ ቀለሙ ውስጥ ያለው ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ቆዳዬን እንዳስቆጣው ነገረኝ፤ ከዚያ ወዲህ ቀለም የሚባል አላስጠጋም። ቀለም፣ ሽቶ፣ ወይም ሽታ ያለው የጺም ዘይት ተቀብተህ ከሆነ አስታውስና ተወው፤ ሁሉም መላላጥ ፈንገስ አይደለም።

ከጠያቂው

ስለ ማጽናኛችሁም ስለ ምክራችሁም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከቨርጂኒያ የጻፉልኝ አባቴ፣ ቀለምም ሽቶም ጺሜ ላይ አላደረግኩም። ጸጉሩንም ሞከርኩት፤ ስስበው ያመኛል እንጂ አይነቀልም፣ ክብ ቁስልም የለብኝም። ቱቦውን አሁን ይዤው ነው የምጽፈው፤ ክሎቤታሶል፣ ጀንታማይሲንና ማይኮናዞል ይላል። ማይኮናዞል የፈንገስ መድኃኒት እንደሆነ አነበብኩ፤ ታዲያ ለምን ተመለሰብኝ? ብቀጥልበትስ?

መልስ፦ ከቆዳ ሐኪም

አይቀጥሉበት። ክሎቤታሶል የስቴሮይድ ቅባቶች በሚመደቡባቸው ሰባት የጥንካሬ ደረጃዎች ከከፍተኛው መደብ የሚገኝ ነው፤ ፊትን ለመሰለ ስስ ቆዳ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ አይደለም። በሁለት ቀን ያሻለዎት እርሱ ነው፤ ማሳከኩንና መቆጣቱን ወዲያው ያፍናል፣ መንስኤውን ግን አያስወግድም። አብሮት ያለው ማይኮናዞል በስድስት ቀን ውስጥ ፈንገሱን በበቂ ሁኔታ ስለማይቀንሰው፣ ክሎቤታሶሉ ሲቆም የታፈነው ሁሉ ተባብሶ ይነሣል። ጀንታማይሲኑ ደግሞ ባክቴሪያ ለሌለበት ችግር የተጨመረ ነው። ሰው በዚህ ጊዜ «ቅባቱ ነው የሚያድነኝ» ብሎ ሁለተኛ ቱቦ፣ ሦስተኛ ቱቦ ይገዛል። እንደዚህ ያሉ ሦስት በአንድ ቅባቶችን ለወራት ፊታቸው ላይ ተቀብተው፣ ቆዳቸው ሳስቶ፣ ቀለሙ ነጥቶ፣ ብጉር ወርሷቸው የሚመጡ ወጣቶችን በየሳምንቱ አያለሁ፤ ጭርት የነበረባቸው ደግሞ መልኩ ጠፍቶ ለማወቅ እስኪያስቸግር ድረስ ይሰፋባቸዋል። ይህን በቁጭት ነው የምጽፈው፤ አብዛኛው በጊዜ ቢታይ በሻምፖ ብቻ የሚድን ነበር።

የእርስዎ ስድስት ቀን አጭር ስለሆነ ቆዳዎ ሳስቷል ብዬ አልሰጋም። በከንፈርዎ ዙሪያ የወጣው ብጉር ከዚሁ ቅባት ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ ምንም ሳይቀቡበት ይተውት። በመጀመሪያው ሳምንት ቢብስብዎ አይደንግጡ። ማሳከኩ እንቅልፍ የሚነሣዎት ከሆነ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን በስሱ በቀን አንድ ጊዜ መቀባት ለሌሎች ይፈቀዳል፤ ለእርስዎ ግን ብጉሩ እስኪጠፋ እርሱንም ባይጠቀሙ እመርጣለሁ። የታዘዘልዎትን ሻምፖ ይጀምሩ፤ አጠቃቀሙ ከላይ በትክክል ተጽፏል።

ስለ መልኩም ልንገርዎት። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላት እንደ ፈረንጅ ቆዳ ጎልቶ ስለማይታይ «አልቀላም፣ እንግዲህ አልተቆጣም» ብለው አይዘናጉ። ይልቁንም ቅርፊቱ ሲለቅ ከሥሩ ፈዘዝ ያለ፣ ከቀሪው ፊትዎ የነጣ ቦታ ሊተው ይችላል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ለምጽ ወጣብኝ ብሎ ይጨነቃል። ለምጽ ቀለሙን ጨርሶ ያጠፋዋል፣ ቅርፊትም የለውም፤ የእርስዎ ፈዛዛ ቦታ ግን ቆዳው ካገገመ በኋላ በጥቂት ወራት ራሱ ይመለሳል።

ሻምፖውን በትክክል ተጠቅመው በአራት ሳምንት ካልተሻለዎት፣ መግል ከያዘ፣ ጸጉሩ በአንድ ቦታ ከረገፈ፣ ወይም ወደ ሰውነትዎ ከሰፋ ሐኪም ይይዎት። አዲስ አበባ ስላሉ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል አለው፤ ወሎ አካባቢ ላሉ አንባቢዎች ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርብ ነው። ይህ የቆዳ ችግር ከዚህ ቀደም ያልነበረበትን ሰው በድንገት ሰፍቶና በርትቶ ሲይዘው የኤችአይቪ ምርመራ እንዲያደርግ እንመክራለን፤ እርስዎን ለማስደንገጥ አይደለም፣ የእርስዎ መልክ ከተለመደው አይወጣም፤ ለሚያነብ ሁሉ እንዲጠቅም ነው የጻፍኩት። ሐዘን፣ የእንቅልፍ እጦትና ድካምም ይህን ችግር እንደሚቀሰቅሱ እናውቃለን፤ 36 ቀን ሙሉ እንግዳ ሲቀበሉ እንደ ከረሙ እገምታለሁና ትንሽ ዕረፍት ያድርጉ።

ከጠያቂው፣ ከአራት ሳምንት በኋላ

የደረስኩበትን ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ። ቅባቱን በዚያው ቀን ጣልኩት። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር፤ በከንፈሬ ዙሪያ ያለው በርትቶ ነበርና የአርባቸው ዕለት አንገቴን ደፍቼ ነው እንግዳ ያስተናገድኩት። ጺሜን ከወንድሞቼ ጋር ተማክሬ ትንሽ አሳጠርኩት። ሻምፖውን ማክሰኞና ቅዳሜ ማታ፣ ስልኬን አምስት ደቂቃ ሞልቼ አደርገዋለሁ። ከሦስተኛው እጥበት በኋላ ማሳከኩ ቀነሰ፣ በሦስተኛው ሳምንት ቅርፊቱ ጠፋ፤ ብጉሩም አሁን የለም። ከአገጬ ግራ ትንሽ ፈዘዝ ያለ ቦታ ቀርቷል፤ ሐኪሙ አስቀድመው ስለ ነገሩኝ አልተጨነቅኩም። ትላንት ኮቴን ሳላራግፍ ሙሉ ቀን ሠራሁ።

አክስቴ የቅቤውን ነገር ሲሰሙ «እኔው ነኝ ለካ ያባስኩብህ» ብለው አዘኑ፤ አሁን ቅዳሜ ሲሆን ውኃውን ለብ አድርገው የሚያቀርቡልኝ እርሳቸው ናቸው።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ሻምፖውን አሁን ላቁመው? ሰማንያቸው ሲያልፍ ስላጭስ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ከፋርማሲ ባለሙያ

እንኳን ተሻለዎት። ጨርሰው አያቁሙት፤ ይህ ችግር ይተኛል እንጂ ተነቅሎ አይጠፋም። ከእንግዲህ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ በዚያው በአምስቱ ደቂቃ ይቀጥሉ። ቅርፊቱ ዳግም ብቅ ካለ ወደ ሳምንት ሁለት ጊዜው ይመለሱ።

መልስ፦ ከጸጉር አስተካካይ

በአንድ ጊዜ ምላጭ አታንሣ ወንድሜ። የእኛ ጸጉር ጥቅልል ስለሆነ ከቆዳ እኩል ሲቆረጥ ጫፉ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋና እብጠት ያወጣል፤ በተለይ አንገት ላይ። መጀመሪያ በማሽን አሳጥረው፣ ለብ ባለ ውኃ አርጥበህ ሁለት ሦስት ደቂቃ አቆየው፣ ከዚያ ቆዳህን ሳትወጥር ጸጉሩ በተኛበት አቅጣጫ አንድ ጊዜ ብቻ ሂድበት። የሚቻልህ ከሆነ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምላጩን ጨርሰህ ተወውና አንድ ሚሊ ሜትር ያህል የሚያስቀር ማሽን ብቻ ተጠቀም።